በራሱ የሚያጎርስ የአየር መሣሪያ በሕግ ዓይን ምንድን ነው? ጥያቄዬና የተሰጡት 24 ምላሾች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ 24 ደርሰዋል፤ ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ትዕግሥት ላይኖረው ስለሚችል፣ ጥያቄዬን ደግሜ አስቀምጬ ከሥሩ የተባለውን በየተራው እተርካለሁ። የጸሐፊዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ሐሳባቸውን ግን ሳላዛባ ለማስተላለፍ ሞክሬያለሁ፤ ያልተስማማሁበት ቦታ ካለም አልደበቅሁም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ለብዙ ዓመታት የተኮስኩት በ10 ሜትር ርቀት፣ እርሳሱ (ትንሿ ጥይት) አንድ በአንድ በእጅ በሚጎርስ የአየር ሽጉጥ፣ ማለትም በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር ወይም ጋዝ በሚተኩስ ሽጉጥ ነው። ዘንድሮ እየተመቱ የሚወድቁ ትናንሽ የብረት ኢላማዎችን በፍጥነት መምታት ለመለማመድ ብዬ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራና ስምንት እርሳስ የሚይዝ ሽጉጥ ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን ሣጥኑን በክለባችን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው የተኩስ ሜዳው ደኅንነት ኃላፊ አንሥተው አገላበጡት፤ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል የታተመች አንዲት መሥመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ከፊል አውቶማቲክ፣ ማለትም ከአንድ ተኩስ በኋላ ቀጣዩን በራሱ የሚያጎርስ፣ ትላለች። ክዳኑን ገጥመው በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉትና፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ወደ መተኮሻው መሥመር እንደማይገባ ነገሩኝ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ማታ ቤቴ ገብቼ የልዩ ልዩ አገሮችን ሕግ ማገላበጥ ስጀምር የእሳቸው ጥርጣሬ ከእኔ እርግጠኝነት የተሻለ መሠረት እንዳለው ገባኝ።

ያስቸገረኝ ነገር ይህ ነው። ሕጎች ስለ አየር መሣሪያ ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት መሣሪያው ምን ያህል በኃይል እንደሚመታ ነው። ስለ ባሩድ መሣሪያ ሲናገሩ ደግሞ ከኃይሉ ይልቅ እንዴት እንደሚያጎርስ፣ በእጅ ይሁን በራሱ፣ ይጠይቃሉ። ታዲያ አየር እየተጠቀመ በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ሲመጣ የሚመለከተው የትኛው ጥያቄ ነው? የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ በአንድ አገር ላይ እንዳይታጠርም ሆነ ብዬ የራሴን አገር አልጠቀስኩም።

ምላሾቹ

በ1ኛው ምላሽ አንድ ትሑት ጸሐፊ እንኳን ደስ አለህ ብለው ከጀመሩ በኋላ፣ ጉዳዩ ሊያስጨንቀኝ እንደማይገባ ገለጹልኝ። ባሩድ የሌለበት ነገር የጦር መሣሪያ ስላልሆነ ሕግ አይመለከተውም፤ ከፊል አውቶማቲክ የሚለውም ቃል የሻጭ ማሻሻጫ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትክክል ሆኖ የተገኘው የመጨረሻው ሐሳብ ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ ሽጉጥ ላይ እንጂ በሁሉም ላይ አይሠራም።

2ኛው ምላሽ ይህን በጨዋነት አረመው። ጸሐፊው እንዳስረዱት የአሜሪካ ፌደራል ሕግ የጦር መሣሪያን የሚተረጉመው በሚፈነዳ ነገር ኃይል ጥይት የሚወረውር በማለት ስለሆነ፣ የአየር መሣሪያ በፌደራል ደረጃ ከትርጉሙ ውጭ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያም ተቀጣጣይ ነገር የሚገፋው ብሎ ስለሚጀምር ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ቦታ ይህ ማለት ነጻ ነው ማለት ሳይሆን፣ ውሳኔው ወደ ታች፣ ወደየግዛቱና ወደየአባል አገሩ ይወርዳል ማለት ነው። ለምሳሌ የኒው ጀርዚ ግዛት ሰውን ለመጉዳት የሚበቃ ኃይል ያለውን የአየር መሣሪያ በጦር መሣሪያ ትርጉም ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ያው ሽጉጥ በአንድ ድልድይ በወዲያኛው ጫፍ የስፖርት ዕቃ፣ በወዲህኛው ጫፍ ፈቃድ የሚጠየቅበት መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

3ኛው ምላሽ ረጅም ነበር፤ ቁጥር የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ እስከ 16.27 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው)፣ ሽጉጥ ደግሞ እስከ 8.1 ጁል ድረስ መሆኑን፤ በስኮትላንድ ግን ከ2016 (እ.ኤ.አ.፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መጨረሻ ጀምሮ ከዚያ በታች ላለውም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፤ በሰሜን አየርላንድ መነሻው 1 ጁል ብቻ መሆኑን ዘረዘሩ። ጀርመን በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ የላቲኑን ኤፍ ፊደል የያዘና ከ7.5 ጁል የማያልፍ መሣሪያ ለአዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ትፈቅዳለች። ካናዳ በሰከንድ 152.4 ሜትርና 5.7 ጁል የሚሉ ሁለት መለኪያዎች አሏት፤ መሣሪያው ፈቃድ የሚጠየቅበት ሁለቱንም አንድ ላይ ሲያልፍ ነው። ጸሐፊው በዚህ አላበቁም፤ ግማሽ ግራም የሚመዝን እርሳስ ወስደው አሰሉት። 7.5 ጁል ላይ ለመድረስ በሰከንድ 173 ሜትር፣ 16.27 ጁል ላይ ለመድረስ 255 ሜትር፣ የስፔን መለያ የሆነው 24.2 ጁል ላይ ለመድረስ ደግሞ 311 ሜትር መብረር አለበት። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ስሌቱን በወረቀት ደግሜ አየሁት፤ ልክ ነው።

4ኛውን የጻፉት በዕድሜ የገፉ ተኳሽ ናቸው፤ በሌሎች ክሮችም ቀልዳቸው ደረቅ፣ ነገራቸው ጥሩ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለው ጀመሩና፣ 3ኛው ጸሐፊ ላልተጠየቀ ጥያቄ ግሩም መልስ እንደሰጡ አሳዩ። ጥያቄው ስለ ጉልበት ሳይሆን ስለ ማጉረስ ነበርና። ምሳሌ ያደረጉትም የብሪታንያን የ1968 የጦር መሣሪያ ሕግ 5ኛ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የተከለከሉትን ሲዘረዝር፣ በራሱ የሚያጎርስ ወይም በፓምፕ (የፊት መያዣው በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተገፋ) የሚያጎርስና አፈሙዙ ውስጡ በጥምዝ የተቦረቦረ መሣሪያን ሁሉ ይከለክላል፤ ነጻ የሚያወጣው የቀለሁ ጠርዝ ተመትቶ የሚተኮሰውን የ.22 ኢንች ጥይት መሣሪያ ብቻ ነው። አየር የሚል ቃል እዚያ ቦታ ላይ የለም። የአየር ጠመንጃ አፈሙዝ ደግሞ እንደማንኛውም ጠመንጃ ጥምዝ ነው። ቃሉን እንደተጻፈ ያነበበ ሰው በራሱ የሚያጎርስ የአየር ጠመንጃ ከተከለከሉት ጋር ተመደበ ይላል፤ መንፈሱን የሚያይ ሰው ደግሞ ሕግ አውጪው አየርን አላሰበም ይላል።

5ኛው ምላሽ ላይ ንግግሩ ሻከረ። ጸሐፊው የ4ኛውን ትርጓሜ ሰውን ለማስፈራራት የተፈለሰፈ ብሎ አጣጣለው፤ ሕግ አውጪ ጣሳ የሚበሳ አሻንጉሊት ለመከልከል ጊዜ የለውም አለ፤ ማስረጃ ግን አላቀረበም።

የ6ኛው ምላሽ ጸሐፊ ለዚህ ስድብ ስድብ አልመለሱም፤ ታሪኩን ተረኩ። ነሐሴ 1987 በእንግሊዟ ሀንገርፎርድ ከተማ አንድ ሰው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን ጨምሮ በያዛቸው መሣሪያዎች 16 ሰዎችን ገደለ፤ በ1988 ወጥቶ ይህን ክልከላ በሕጉ ውስጥ ያስገባው ማሻሻያ የዚያ ቀን ውጤት ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች በዓይነ ኅሊናቸው የነበረው ባሩድ የሚያቃጥል የጦር ሜዳ ጠመንጃ እንጂ ከአየር ጠርሙስ የሚተነፍስ የኢላማ መሣሪያ አልነበረም። ሆኖም፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ፍርድ ቤት አስቀድሞ የሚያነበው የተጻፈውን ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው ምን እንዳሰበ የሚጠየቀው ቃሉ አሻሚ ሆኖ ሲገኝ ነው።

በእኔ ግምት የክሩ ዋና ምላሽ ግን 7ኛው ነው፤ ከሁሉም አጭሩም እሱ ነው። ጸሐፊዋ የሕግ ሰው ይሁኑ አይሁኑ አልገለጹም፤ አጻጻፋቸው ግን የሕግ ሰው ነው። በዚያው ክፍል ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ተመልከቱ አሉ። ልሙጥ አፈሙዝ ስላላቸውና በራሳቸው ስለሚያጎርሱ አጫጭር መሣሪያዎች የሚናገረው አንቀጽ፣ የአየር መሣሪያ ካልሆነ በስተቀር የሚል ሐረግ በግልጽ አስገብቷል። ስለ አጫጭር መሣሪያዎች በጠቅላላ የሚናገረውም አንቀጽ እንዲሁ አየርን በስም ነጻ ያወጣል። እንግዲህ ሕግ አውጪው አየርን ረሳ ማለት አይቻልም፤ ሁለት ቦታ አስታውሶ ሦስተኛው ቦታ ላይ ዝም ብሏል። ዝምታው ሆን ተብሎ ነው የሚል ተከራካሪ ይህን ይዞ ይቆማል፤ ስሕተት ነው የሚልም ያንኑ ይዞ ይቆማል። ጸሐፊዋ የትኛው እንደሚረታ ሳይናገሩ ጽሑፋቸውን ዘጉ። ይህን ሳነብ የደኅንነት ኃላፊያችን ሣጥኑን ወደ እኔ የገፉበት እጅ ትዝ አለኝ።

8ኛው ምላሽ ከዚያ ተነሥቶ አንድ የሚያስገርም ንጽጽር አመጣ። የ.22 ጥይት መሣሪያ ነጻ የወጣው ደካማ ነው ተብሎ ይመስላል፤ ግን 2.6 ግራም የሚመዝነው እርሳሱ በሰከንድ 330 ሜትር ሲበር 140 ጁል ገደማ ይይዛል። ይህም ፈቃድ ከማይጠየቅበት የአየር ጠመንጃ ጉልበት ስምንት እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ በዚያ ሕግ ቃል መሠረት አንድ ስፖርተኛ ተራውን ፈቃድ አውጥቶ በራሱ የሚያጎርስ የባሩድ ጠመንጃ ሊይዝ ሲችል፣ ስምንተኛ እጅ ጉልበት ያለው የአየር ጠመንጃ ግን በተከለከለው ጎራ ሊመደብበት ይችላል። ጸሐፊው ሌላም ነገር ጨመሩ። ብዙዎቹ የብረት ፍሬ የሚተኩሱት፣ ሲተኮሱ የላይኛው ክፍላቸው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚመለሰው ሽጉጦች አፈሙዛቸው ልሙጥ ነው፤ ስለዚህ በራሳቸው የሚያጎርሱ ሆነው ሳለ በነጻው አንቀጽ ሥር ይወድቃሉ። መልካቸው እጅግ የሚያስፈራው አልፎ፣ መልኩ ሰላማዊ የሆነው የኢላማ ጠመንጃ ይያዛል።

9ኛውና 10ኛው ምስጋናና ሳቅ ነበሩ፤ አልፋቸዋለሁ።

11ኛው ምላሽ ቁጣ ነው። ጸሐፊው ራሱ የ10 ሜትር ተወዳዳሪ መሆኑን ተናግሮ፣ ስፖርት የሚባለውን ስም መሸፈኛ አታድርጉት አለ። በእሱ እምነት እውነተኛ ተኳሽ አንድ እርሳስ ያጎርሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይተኩሳል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሐሳብ አለው። እኔንም ለይቶ ነካኝ፤ ለብዙ ዓመታት የተማርኩትን ትዕግሥት በስምንት ፍሬ እንደሸጥኩት ጻፈ። አሽሙሩን ወደድኩለት፤ ፍርዱን ግን አልተቀበልኩም።

12ኛው መለሱለት። 25 ሜትር ፈጣን ተኩስ በኦሊምፒክ መድረክ ላይ ያለ ውድድር ነው፤ ተወዳዳሪው በአምስት ኢላማዎች ላይ አምስት ጥይት በ8፣ ከዚያ በ6፣ በመጨረሻም በ4 ሰከንድ ይተኩሳል፤ የሚይዘውም በራሱ የሚያጎርስ የ.22 ሽጉጥ ነው። ስለዚህ ፍጥነት ከስፖርት ውጭ ነው ማለት ኦሊምፒክን ከስፖርት ማውጣት ነው። በ13ኛው ምላሽ ሌላ ጸሐፊ ለሁለቱም ግማሽ እውነት ሰጧቸው። የአየር ጠመንጃ ከ1984፣ የአየር ሽጉጥ ከ1988 ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ አለ፤ ግን በ10 ሜትሩ ውድድር የሚጎርሰው አንድ እርሳስ ብቻ ሲሆን፣ ለ60 ተኩስ 75 ደቂቃ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ተኩስ አንድ ደቂቃ ከሩብ ያለው ሰው በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ምን ያደርግለታል? ከዚህ የተነሣ በአየር መሣሪያ በፍጥነት መተኮስ የሚወድ ስፖርተኛ ከኦሊምፒኩ መድረክ ውጭ ቀርቷል፤ ስፖርቴ ይፈልገዋል ብሎ ለባለ ሥልጣን የሚያሳየው የታወቀ የውድድር ደንብ ያንሰዋል ማለት ነው። ይህ ነጥብ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ብዙ ሕጎች ፈቃድ ጠያቂውን በቂ ምክንያት አሳይ ይላሉና።

ከዚያ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ከመንገዱ ወጣ። የ14ኛው ምላሽ ጸሐፊ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ 1780 ገደማ ተመልሶ፣ የኦስትሪያ ጦር ታጥቆት የነበረውን የጂራርዶኒ የአየር ጠመንጃ አነሣ፤ አየሩ በሰደፉ ውስጥ የሚታመቅ፣ ሃያ ገደማ ድቡልቡል እርሳስ የሚይዝ፣ አንዱንም አሜሪካውያኑ አሳሾች ሉዊስና ክላርክ ከ1803 እስከ 1806 ባደረጉት ጉዞ ይዘውት የሄዱት ጠመንጃ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ከፊል አውቶማቲክ የአየር ጠመንጃ ይህ ነው ብሎ ደመደመ። 15ኛው ወዲያው አረመው። በዚያ ጠመንጃ ተኳሹ አፈሙዙን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ በጎን ያለችውን ብረት በአውራ ጣቱ ሲገፋት እርሳሱ በራሱ ክብደት ይወርድና ይገባል፤ ከዚያ መምቻውን ደግሞ በእጁ ያቀባብላል። ብዙ ይይዛል እንጂ በራሱ አያጎርስም። ወሬው ከርእሱ የወጣ ቢመስልም፣ ወደሚቀጥለው ምላሽ ያሻገረን ይህ እርማት ነው።

16ኛውን የጻፉት መሣሪያ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። አሥራ አምስት ሰው ስለ ሕጉ ሲከራከር ስለ ሽጉጡ የጠየቀ አንድም ሰው የለም ብለው ገሠጹን። ብዙ የሚይዝ፣ በራሱ የሚያጎርስና ቃታው የሚያዞረው ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በራሱ የሚያጎርሰው፣ ከተተኮሰው ጋዝ ወይም ከምቱ ግፊት ጥቂቱን ተጠቅሞ ቀጣዩን እርሳስ ወደ ቦታው ያመጣል፤ መምቻውንም ያቀባብላል። እርሳስ የሚያስገቡበት ክብ ከበሮ ያላቸው አብዛኞቹ የጋዝ ሽጉጦች ግን ይህን አያደርጉም፤ ከበሮውን የሚያዞረው ቃታውን የሚስበው ጣት ነው። ጉልበቱ የሰው ከሆነ አጉራሹ ሰው ነው። እንዴት እንደሚለይም ነገሩኝ፦ የጋዙን ብልቃጥ አውጣ፣ ከበሮውን አውጥተህ ስምንቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን በብርሃን ተመልከት፣ መልሰህ ግጠም፣ አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ አዙር፣ ከዚያ ቃታውን ቀስ ብለህ እየሳብህ ከበሮውን አስተውል። ያለ ጋዝ ከዞረ ያዞረው ጣትህ ነው።

17ኛው ምላሽ የእኔ ነው። እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ብልቃጡ ሲወጣ የቀረችው ጋዝ በአጭሩ ጮኸች፤ የብልቃጡም ብረት በረዶ ሆኖ ጣቴን ቆነጠጠኝ። ባዶውን ከበሮ መብራት ላይ አንሥቼ ስምንቱንም ቀዳዳ ቆጠርኩ፤ በአንደኛው ጠርዝ ላይ በጠመኔ ነጥብ አድርጌ መለስኩት። ቃታውን ስስብ መጀመሪያ ከብዶ መጣ፤ መንገዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነጥቧ ቀስ እያለች ከአንድ ሰዓት አቅጣጫ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈች፤ ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መምቻው ወደቀ። ጋዝ የለም፤ ከበሮው ግን ዞሯል። ሣጥኑ ላይ ከፊል አውቶማቲክ የተባለው ዕቃ በሥራው ተዘዋዋሪ ሽጉጥ ነበር። ደስታዬን በአራት መሥመር ገለጽኩ፤ ትንሽ በዛ መሰለኝ።

በ18ኛው ምላሽ ተገሠጽኩ፤ ተገቢም ነበር። ጸሐፊዋ፣ እንዲህ ያለ ሙከራ ሌላ ሰው በሌለበት ክፍል፣ እርሳስ ከጠረጴዛው ላይ ከተነሣ በኋላ፣ መደገፊያ ግድግዳም ታይቶ ካልሆነ በስተቀር መጻፍም መደረግም እንደሌለበት ተናገሩ፤ ባዶ ነው የተባለ መሣሪያ ባርቆ ስንት ሰው ጎድቷል አሉ። እኔ ያልጻፍኩትን ሁሉ አላደረግህም ብለው መውሰዳቸው ትንሽ ቆረቆረኝ፤ ነገር ግን ሌላ አንባቢ እኔን አይቶ ሊደግመው ስለሚችል ጥንቃቄዎቹን ወደ 17ኛው ጽሑፍ ጨመርኳቸው።

19ኛው ምላሽ ደግሞ ደስታዬን አቀዘቀዘው። የጻፉት ስፔንን የሚያውቁ ሰው ናቸው። የስፔን የ1993 የጦር መሣሪያ ደንብ እኛ የምንጨቃጨቅበትን ነገር አስቀድሞ አስቦበታል ብለው አስረዱ። ከ24.2 ጁል በላይ ያለውን የአየር መሣሪያ ወደ 3ኛው ምድብ ያወጣዋል፤ ከዚያ በታች ያለውን በ4ኛው ምድብ ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። በአንደኛው ንኡስ ምድብ ከፊል አውቶማቲክና ብዙ የሚይዝ ጠመንጃና ሽጉጥ፣ ከእነሱም ጋር ቃታው ራሱ የሚያዞረውና የሚያቀባብለው ተዘዋዋሪ ሽጉጥ አለ፤ በሁለተኛው አንድ አንድ የሚያጎርሱትና መምቻቸው በእጅ የሚቀባበለው ተዘዋዋሪዎች አሉ። ለመጀመሪያዎቹ የሚሰጠው ካርድ ለአምስት ዓመት የሚያገለግልና እስከ ስድስት መሣሪያ የሚይዝ ሲሆን፣ ለሁለተኛዎቹ የሚሰጠው ቁጥርም ጊዜም አይገድበውም። ካርዱን የሚሰጠው የከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ፣ አሉኝ በፈገግታ፣ የአንተ ሽጉጥ በዚያ አገር ከፊል አውቶማቲክ አለመሆኑን ብታረጋግጥም ከከፊል አውቶማቲኮች ጎን ትቀመጣለህ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት መቀመጫዬን አይደለም። ስፔን የአየር መሣሪያን በሁለቱም ጥያቄ፣ በጉልበቱም በአጎራረሱም፣ በአንድ ደንብ መለካቷን ነው። ከፊል አውቶማቲኩን አልከለከለችውም፤ ስም ሰጥታ፣ ቁጥር ወስና፣ ካርድ አዘጋጅታ አስቀመጠችው። እንደ እኔ ላለ ሰው ጥብቅ ሕግ ከደብዛዛ ሕግ ይሻላል፤ በጥብቁ ውስጥ ቢያንስ የት እንደቆምኩ አውቃለሁ።

በ20ኛው ምላሽ አንድ ጸሐፊ የራሱን ገጠመኝ ተረከ። ስለ ተመሳሳይ መሣሪያ በስልክ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የተለያዩ መልሶች አግኝቷል፤ አንደኛው ባለ ሙያ የጉልበቱን ልክ ብቻ ጠይቆ ችግር የለውም ሲለው፣ ሌላው ከፊል አውቶማቲክ የሚለውን ቃል ሲሰማ አይሆንም ብሎታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው በጽሑፍ ብቻ ነው። በማመልከቻው ላይ የዕቃውን የንግድ ስም ሳይሆን ሥራውን ይጽፋል፦ ጋዙ ምን እንደሆነ፣ በፍጥነት መለኪያ የተለካውን ጉልበት፣ አፈሙዙ ጥምዝ ወይም ልሙጥ መሆኑን፣ ቀጣዩን እርሳስ ወደ ቦታው የሚያመጣው ጋዙ ወይም ጣቱ መሆኑን። ይህ ምክር ከሁሉም በላይ ለሥራ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

21ኛው ምላሽ የመጣው በሌላ ክር ከሚያውቀኝ ወጣት ነው። የእሱ ጉዳይ እንደ እኔ አይቀልም። የገዛው ረጅም ጠመንጃ ነው፤ በ200 ባር ግፊት የታመቀ አየር ከአፈሙዙ ሥር ባለ ጠርሙስ ይይዛል፤ አፈሙዙ ጥምዝ ነው፤ ሲተኮስ ከአየሩ ጥቂቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ማቀባበያውን ይገፋል፣ ቀጣዩን እርሳስም ያጎርሳል። በ16ኛው መለኪያ ያለ ጥርጥር በራሱ የሚያጎርስ ነው። እስካሁን የተኮሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ክር ካነበበ ወዲህ ከሣጥኑ አላወጣውም።

22ኛው ምላሽ ዝም ብለህ ተኩስ አለው። ማንም አይጠይቅህም፤ ብትጠየቅም የአየር ነው በል የሚል ምክር ነበር። በእኔ አስተያየት በዚህ ክር ከተጻፈው ሁሉ መጥፎው ይኸው ነው፤ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በመካሪው ላይ ሳይሆን ጠመንጃው በእጁ በተገኘው ወጣት ላይ ነው። 23ኛው፣ ማለትም 4ኛውን የጻፉት አዛውንት፣ በሦስት መሥመር መለሱለት፤ ከቃላቱ ሁለቱን እዚህ ባልተርካቸው ይሻላል። ለወጣቱ ግን በአባትነት ቃና፣ ልጄ ብለው፣ መልስ እስኪመጣ ድረስ ከጠርሙሱ አየሩን አውጥቶ ጠመንጃውን እንዲቆልፍበት፣ የግዢ ወረቀቱንም ከእሱ ጋር እንዲያኖር መከሩት።

24ኛውን እኔ ጻፍኩት፤ ከዚህ በታች ያለው የእሱ ፍሬ ነገር ነው። ቅዳሜ ዕለት ሽጉጡን ወደ ክለቡ ይዤ ሄድኩ። የደኅንነት ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ባዶውን ከበሮ ራሳቸው ተመለከቱ፤ ነጥቧን አገኟት፤ ቃታውን ሁለት ጊዜ ስበው መዞሯን አዩ። ሣጥኑን እንደገና አነበቡና ሳቁ። ከዚያ መዝገባቸውን ገልጠው፣ ሣጥኑ የሚለውን ትተው፣ ተዘዋዋሪ የአየር ሽጉጥ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ስምንት ፍሬ፣ በቃታ የሚዞር ብለው ጻፉና ፈርመው አስፈረሙኝ።

ስለ ወጣቱ ጠመንጃ ስጠይቃቸው ግን መዝገቡን ዘጉት። ማመልከቻውን በ20ኛው ምላሽ ምክር መሠረት ከእሱ ጋር ሆነን ጽፈናል፤ የአየሩን መመለሻ መንገድ የሚያሳይ ሥዕልም አያይዘንበታል። ገቢ ሆኖ የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል። መልሱ ሲመጣ 25ኛው ምላሽ አድርጌ እዚሁ አስገባዋለሁ።